የጋሽ ሸዋንዳኝ ሽኝት

ከሸዋንዳኝ አፍ ክፉ ቃል አይወጣም። ይህን የሚክድ የመንዝ ሰው ካለ ይምጣና እኔን ይሟገተኝ። ጓሳ ሜዳ ዳር ተወልዶ፣ እዚያው ገብስ እያረሰ፣ ክረምት ክረምት ከበግ ጠጉር ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ እየሠራ ሃምሳ ስምንት ዓመቱን ደፍኗል። አንዲት በቅሎና ሁለት አህዮች አሉት። በቅሎዋ ነገረኛ ናት፤ ጭነት ስታይ ጀርባዋን ታዞራለች፣ ቁልቁለት ሲሆን ትቆማለች። እሱ ግን «አንቺ ልጅ፣ ተይ እንጂ» ከማለት አልፎ በአለንጋ ነክቷት አያውቅም። ሚስቱ አያልነሽ «እኔ የምለው፣ አንተ ነህ በቅሎዋን የምትነዳት ወይስ እሷ ናት የምትነዳህ?» እያለች ስታሾፍበት ኖራለች።

እንግዳ አክባሪነቱማ ለብቻው ነው። በእኛ አገር ደጅህን የረገጠን ሰው «ለምን መጣህ?» ማለት ነውር ነው። ቤት ለእንግዳ ይባላል፣ ያለው ይቀርባል፣ መኝታ ይነጠፋል፤ እንግዳው ጉዳዩን በራሱ ጊዜ ያወጣዋል። ሦስት ቀን ሳያወጣው ቢቆይ ሦስት ቀን ዝም ነው። ሲሄድም እንዲሁ ነው። «ልሂድ» ካለ «ምነው ቸኮልክ፣ እደር እንጂ» ትለዋለህ እንጂ ምክንያቱን አትመረምርም፤ ተነስተህ ትሸኘዋለህ። ሸዋንዳኝ ይህን ደንብ እንደ ዳዊት በቃሉ ነው የያዘው። ይኸው ጨዋነቱ አንድ ጊዜ ምን ያህል እንዳስከፈለው ኋላ እናወራዋለን።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ዓመት ሁሉ ኅዳር ላይ አንድ አውቶቡስ ሙሉ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ጓሳ ይመጣል። ነገሩን ያመጣችው ትርሲት የምትባል ወጣት መምህርት ናት። በየዓመቱ አዲስ ከሚገቡት ልጆች ብዙዎቹ ገና ክፍላቸውን ሳይለምዱ ቤት እየናፈቃቸው፣ ሰው እየራቃቸው ሻንጣቸውን ይዘው ውልቅ ይላሉ። እሷም «ሜዳ ላይ ወጥተው አብረው ቢራመዱ፣ አብረው ቢያበስሉ፣ አብረው ብርድ ቢመታቸው ይተዋወቃሉ፤ የተዋወቀ ልጅ ደግሞ ጥሎ አይሄድም» ብላ አለቆቿን አሳመነች። ሦስት ቀን ነው የሚቆዩት። ሸዋንዳኝ ዕቃቸውን ይጭናል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ገደል ገደሉን እያሳየ ይመራቸዋል።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ የሆነውን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። አሥራ ሁለት ድንኳን ሜዳው ላይ ተተከለ። በእኛ ዘንድ ድንኳን የሚተከለው ለሁለት ነገር ነው፤ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ። የነቢያት ጾም ገብቷል፣ በጾም ሠርግ የለም። እንግዲህ የቀረው ምንድን ነው? የላይ ሰፈር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ቅቅል ድንችና ቆሎ በሞሰብ ይዘው «አሥራ ሁለት ድንኳን! ስንቱ ነው ያለቀው?» እያሉ፣ ደረታቸውን እየደቁ ከሜዳው ጫፍ ደረሱ። ደርሰው ምን ያያሉ? ግማሹ ልጅ ዓይኑን በሻሽ ታስሮ፣ ግማሹ ዓይኑ የታሰረውን በእጁ እየጎተተ በሣሩ ውስጥ ይዞራል። ለካስ ጨዋታ ነው፤ እርስ በርስ መተማመን እንዲማሩ ነው። ሴቶቹ ይህን ማን ነግሯቸው? አንዲቱ «ውይ በሞትኩት፣ በለቅሶ ብዛት ዓይናቸው ጠፍቶ ነው!» ብላ እሪታዋን ለቀቀችው። መምህርት ትርሲት ሮጣ መጥታ ነገሩን ስታስረዳ፣ ልቅሶው ወደ ሳቅ ዞሮ ሁሉም ተቀምጦ ድንቹን በላ። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ በየዓመቱ ድንች ያመጣሉ፤ አሁን ግን ነጠላቸውን አያዘቀዝቁም።

ዘንድሮ የመጡት አርባ ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ናኢማ ነበረች። ከሸዋ ሮቢት፣ ከቆላው ነው የመጣችው፤ እናቷ ዙሀራ የማሾና የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። ከቆላ ለመጣ ሰው የጓሳ ብርድ ቀልድ አይደለም። በኅዳር ጠዋት ሣሩ በውርጭ ይነጣል፣ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ ከላይ ይጋገራል። ናኢማ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ፣ ሂጃቧን እስከ አገጯ ስባ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ስትዞር ሸዋንዳኝ አያትና አንጀቱን በላችው። ከቤቱ ባና አምጥቶ አለበሳት።

«የበግ ሽታ አለው» አላት፤ «ብርዱ ሲመታሽ ግን ሽታው ይጠፋል።»

ፈገግ አለች። ያን ቀን ጥርሷን ያየው ያኔ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጭነት ሲጫን ሌሎቹ ልጆች በቅሎዋን ፎቶ ለማንሳት ይጋፋሉ። እሷ ዝም ብላ መጣችና የጆንያውን አፍ አጥፋ፣ በሲባጎ ጠፍራ፣ ግራና ቀኙን በእጇ መዝና እኩል አደረገችለት። ሸዋንዳኝ ሠላሳ ዓመት ሲጭን እንዲህ ያለ አስተሳሰር ከአንድ ሁለት ሰው በቀር አላየም። «ይህን ማን አስተማረሽ?» ሊላት ፈልጎ ዋጠው። እንግዳ ናታ! «ተባረኪ» ብቻ ብሏት አለፈ።

ከሰዓት በኋላ መምህርት ትርሲት ልጆቹን ክብ አስቀምጣ ገመድ ታቀባብላለች። ገመዱ የደረሰው ልጅ ስሙን፣ አገሩንና የሚናፍቀውን ነገር ይናገራል። አንዱ ውሻውን አለ፣ አንዷ የእናቷን ሽሮ አለች፣ አንዱ ደግሞ «አልጋዬን፤ ዩኒቨርሲቲ ካለው ተደራራቢ አልጋ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ» አለና ሰፈሩ በሳቅ አለቀ። ገመዱ ናኢማ ጋ ሲደርስ «ናኢማ፤ ሸዋ ሮቢት» ብላ ለቀጣዩ አቀበለችው። መምህርቷ አላስጨነቀቻትም። ሸዋንዳኝ ግን ከወዲያ ሆኖ የበቅሎዋን ልጓም እየጠገነ «ይህች ልጅ ሆድ ይፍጀው ብላለች» ሲል በልቡ አሰበ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ልጆቹ ኳስ ሲያሳድዱ ናኢማ ብቻዋን ወደ አህዮቹ መጣች።

«አባባ» አለችው፤ «ነገ ጠዋት እስከ መኪናው መንገድ ይሸኙኛል?»

«እሺ ልጄ» አለ ሸዋንዳኝ። አፉ እንደዚያ ነው የለመደው፤ ሽኝት ለጠየቀ ሰው ከእሺ ሌላ መልስ የለውም።

«ለመምህርት ግን አይንገሩብኝ። ጠቅልዬ ቤቴ ልገባ ነው። ትምህርቱ ይቅርብኝ።»

እዚህ ላይ ነበር ዘወር ብሎ ማየት። ግን «እሺ» አንዴ ከአፍ ወጥታለች፤ የመንዝ ሰው ደግሞ ከአፉ የወጣችውን ቃል መልሶ አይውጣትም። ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እሷም «አላህ ይስጥልኝ» ብላ ሄደች። ሸዋንዳኝ አንዱን የጭነት ቋጠሮ አራት ጊዜ ቋጥሮ አራት ጊዜ ፈታው።

አያልነሽ ድንቿን ይዛ ስትመጣ ገና ከሩቅ አወቀችበት። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሚስት ናት፣ ምን ይሰወራታል!

«ምን ሆነሃል? ፊትህ ልክ አይደለም።»

ነገራት። ሞሰቡን መሬት ላይ አስቀምጣ ወገቧን ያዘች።

«እሺ አልካት?»

«እሺ አልኳት።»

«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ! በምንይሉ የደረሰው አልበቃህም?»

ምንይሉ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ በአምስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄደም። ዛሬ ደብረ ብርሃን ብሎኬት ይሸከማል። ይህ ነገር በዚያ ቤት አይነሳም። አያልነሽ አሁን ስታነሳው ሸዋንዳኝ ጭንቅላቱን ደፋ።

«ጠይቃት» አለችው።

«እንግዳ እኮ ናት። እንግዳ ይጠየቃል?»

«እንግዳ አይጠየቅም። ልጅ ግን ይጠየቃል። እናቷ እዚያ ቆላ ሆና ልጄ ትማርልኛለች እያለች ነው።»

«ለመምህርቷ ልንገራት ይሆን?»

«እሱን አንተና ቃልህ ታውቃላችሁ። እኔ የማውቀው፣ ይህች ልጅ ሳትጠየቅ መኪና ላይ ከወጣች ከእንግዲህ እንቅልፍ እንደሌለህ ነው። ያንተን መገላበጥ ደግሞ እኔ ነኝ የምችለው፤ ስድስት ዓመት ቻልኩ፣ አሁን ወገቤ አልቋል።»

ድንቿን ለልጆቹ አድላ፣ ባዶ ሞሰቧን አንግታ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መምህርት ትርሲት ልጆቹን ጭላዳ ዝንጀሮ ልታሳይ ወደ ገደሉ ጫፍ ወሰደቻቸው። ናኢማ «ሆዴን አሞኛል» ብላ ድንኳን ውስጥ ቀረች። ሸዋንዳኝ ባዶ ጀሪካኖቹን በአህዮቹ ላይ ጭኖ ወደ ምንጩ የሚወርድ መሰለ፤ ከድንኳኖቹ ጀርባ ዞሮ ቆመ። እሷም ቦርሳዋን አንግባ፣ ባናውን አጣጥፋ ይዛ ወጣች። «እንኩ» ብላ ዘረጋችለት። «መኪናው እስኪመጣ ልበሺው» አላት። ጉዞ ጀመሩ።

እስከ መኪናው መንገድ የአንድ ሰዓት እርምጃ ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ሜዳውን ሸፍኖታል፤ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል አልፎ አልፎ እንደቆመ ሰው ድንገት ብቅ ይላል። ሸዋንዳኝ ከፊት፣ አህዮቹ ከመካከል፣ ናኢማ ከኋላ። ሦስት ጊዜ ሊጠይቃት አፉን ከፈተ። አንደኛው ላይ አስነጠሰው። ሁለተኛው ላይ «ጫማሽ ውኃ ያስገባል?» ብሎ አረፈው። ሦስተኛው ላይ አህያዋን «ሂጂ!» አላት፤ አህያዋ እየሄደች ነበር።

መኪናው መንገድ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ናኢማ ተሸኚ ሸኚውን የሚመልስበትን ደንብ ታውቃለችና «በቃ አባባ፣ ይመለሱ። መንገዱን አየሁት» አለችው።

«ትንሽ ልሂድ።»

«ደከሙ እኮ።»

«ትንሽ ልሂድ አልኩሽ።» ከዚያ ቆመ። ጆሮው በእፍረት ጋለ፤ በዚህ ዕድሜው ሰው ቤት ገብቶ ሲሰርቅ የተያዘ ያህል ነው የተሰማው። «ልጄ፣ ለምንድን ነው የምትሄጂው?»

«ቤት ናፍቆኝ ነው» አለች ቶሎ ብላ።

ያቺን መልስ ሸዋንዳኝ አላመናትም። ለመንገደኛ የሚሰጥ መልስ ነው፤ ተሰጠ፣ ተሸኘ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ለማንም ተናግሮት የማያውቀውን ጀመረላት።

«ምንይሉ የሚባል ልጅ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በአምስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ እርሻ ላይ ሆኜ በዳገቱ ሲመጣ አየሁት። ደስታዬን አትጠይቂኝ! ሞፈሬን ጥዬ ሮጥኩ። አንድ ሙክት ነበረኝ፣ ለገና ያልኩት፤ እሱን አረድኩለት። በላ ልጄ፣ በላ! አጥንቱን ሳይቀር ጋጠው። እኔ ለእናቱ ‹አየሽ፣ የቤቱ ምግብ እንዴት እንደናፈቀው› እያልኩ እስቃለሁ። ለምን መጣህ አላልኩትም። ልጄን እንደ እንግዳ አከበርኩታ! ሳምንት ቆየ፣ ወር ቆየ። ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ደግሞ ይጠይቀኛል ብሎ ይጠብቅ ኖሯል።»

«ለምን ነበር የመጣው?» አለች ናኢማ።

«በሁለተኛው ዓመት፣ አብረን ስናርም፣ እንዲያው በመሐል ነገረኝ። የምግብ ካርዱ ጠፍቶበት ነበር። ሌላ የት እንደሚያወጣ አላወቀም። አንድ መስኮት ሄዶ ‹እዚህ አይደለም› አሉት፤ ወዴት ነው ብሎ መጠየቅ አፈረ። ሰው የማይጠይቅ ሰው ልጅ ነዋ! ሦስት ቀን ሳይበላ ዋለ፣ አደረ። በአራተኛው ቀን ለመኪና ያስቀመጣትን ይዞ መጣ። ያ ሙክት...» ሸዋንዳኝ ፊቱን ወደ አህዮቹ አዞረ። «ርቦት ነው የበላው። እኔ ፊቱ ተቀምጬ እስቃለሁ። ዛሬ ያን ሳቄን ሳስበው ራሴን እጠላዋለሁ። አንዲት ካርድ! ጠይቄው ቢሆን በነጋታው ይዤው ወርጄ መስኮቱን እፈልግለት አልነበር?»

አህዮቹ ሣር መጋጥ ጀመሩ። ናኢማ ባናውን ጠበቅ አድርጋ ለበሰችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«እኔ ርቦኝ አይደለም» አለች።

«እሺ።»

«ካርዴም አለ።»

«እሺ ልጄ።»

ከዚያ እንደገና ጀመረች። «አባቴ ከሞቱ ጀምሮ የእናቴን ሥራ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሚዛኑ የእኔ ነው፣ ከአዲስ አበባ ከሚመጡት ነጋዴዎች ጋር የምከራከረው እኔ ነኝ፣ ማሾው ነቀዝ እንዳይገባው የማየው እኔ ነኝ። እማዬ ካላንቺ አንድ ቀን አልውልም ትለኝ ነበር። ልመጣ ስል እኔ ነኝ ለእሷ ያለቀስኩት። አሁን በደወልኩ ቁጥር ‹ሁሉም ደህና ነው፣ ሙነወር ተክቶሻል፣ እንዲያውም ሥራው ደርቷል፣ አንቺ አታስቢ› ትለኛለች። ሙነወር የአጎቴ ልጅ ነው። ማሾና ጓያ ለይቶ አያውቅም እኮ አባባ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «እዚያ አላስፈልግም። እዚህ ደግሞ ማንም አያውቀኝም። አምስት ሳምንት ሙሉ ‹ሰልፉ የት ነው› ካሉኝ በቀር ያናገረኝ የለም። ታዲያ የት ነኝ እኔ?»

ሸዋንዳኝ ወደ እሷ ዞረ። ደህና ነገር ሊነግራት ፈለገ፤ ደህና ነገር ግን ሲፈልጉት አይመጣም። መጣ የተባለው ይኸው ነው፦

«ምንይሉ ትምህርት ቤት ሳለ በሬያችን ገደል ገባ። ደወለ። ‹በሬዎቹስ?› አለኝ። ‹ደህና ናቸው፣ እንዲያውም ወፍረዋል› አልኩት።»

ናኢማ ቀና ብላ አየችው።

«ገደል የገባው?»

«አዎ፣ እሱ ነው የወፈረው። ምን ልበለው? በሬው ሞተ ብለው ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል። ልጄ፣ ወላጅ ስልክ ላይ እውነት አይናገርም። እናትሽን አላውቃቸውም፤ ዋሽተዋል ብዬ አልምልም። ምናልባት ሙነወር ጎበዝ ወጥቶ ይሆናል። ራሴን ግን አውቀዋለሁ፤ እኔ ዋሽቻለሁ።»

ሳቅ መጣባት፤ ሳቋና እንባዋ አብረው መጡ። በባናው ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ የመኪና ጥሩምባ ከሩቅ ተሰማና ሁለቱም ተነሱ። የቀረውን መንገድ በሩጫ ነው ያደረጉት፤ አህዮቹ እንኳ ነገሩ ገብቷቸው ነው መሰለኝ ሳይለመኑ ተከተሉ።

ከመሐል ሜዳ ከተማ የሚመጣው አውቶቡስ መብራቱን አብርቶ ከጉሙ ወጣ። ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ «ጣርማ በር! ደብረ ብርሃን! አንድ ሰው!» ይላል። ሸዋንዳኝ እጁን አነሳ። ቃሉ ነዋ። መኪናው ቆመ። ናኢማ ባናውን አውልቃ ሰጠችው።

«አልከለክልሽም» አላት፤ «ልሸኝሽ ብያለሁ፣ ሸኝቼሻለሁ። ትምህርትሽን ጥለሽ እንድትሄጂ ግን አልፈልግም። ይህን ነው ለልጄ ሳልነግረው የቀረሁት።»

ከንፈሯን ነከሰች። ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል በትከሻዋ ይዞ አቀናት። ረዳቱ «ኧረ ቶሎ በሉ፣ ሽኝቱን ለሌላ ቀን!» ብሎ ጮኸ። ወጣች። በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ጉሙ ዋጠው።

ሸኚ እንግዳው ከዓይኑ እስኪሰወር ቆሞ ማየት አለበት። እሷ ወዲያው ነው የተሰወረችው፤ ሸዋንዳኝ ግን ቆመ። ባናውን በክንዱ ይዞ፣ የሚያየው ሳይኖር ወደ ጉሙ አፍጥጦ ቆመ። ሁሉን አድርጎ ነበር፤ ጠይቋል፣ ተናግሯል፣ ገመናውን አውጥቷል። አልሆነም። አሁን ለአያልነሽ ምን ሊላት ነው? ለራሱስ? ዓይኑን በባናው ጠረገ፤ የሚያየው አህያ ብቻ ስለሆነ አላፈረም።

ከዚያ ኮቴ ሰማ። የሰው ኮቴ፣ አስፋልት በሌለበት ጠጠር ላይ፣ የሚጣደፍ። ናኢማ ቦርሳዋን አንግባ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ከጉሙ ወጣች።

ሸዋንዳኝ በዚህ ጊዜ አልተንተባተበም። «ለምን ተመለስሽ?» አላት ቀጥ ብሎ።

«ረዳቱ ‹የት ነው የምትወርጂው?› አለኝ» አለች እያለከለከች። «አፌ ‹እዚሁ› አለው። ተሳደበና አወረደኝ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እንዴት እንደሆነ አላውቅም አባባ። ደግሞ እኮ አምስት ሳምንት ውስጥ ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ጠይቀውኝ፣ መልሼልዎት፣ ጥዬዎት መሄዱ አስጠላኝ። ይኸው ነው።»

«ነይ» አለ ሸዋንዳኝ። ባናውን አለበሳት። መልሰው ሲሄዱ ስለ ማሾ ጠየቃት፤ ሲነቅዝ በምን እንደሚታወቅ፣ እንዴት እንደሚነፋ። አንዴ የተከፈተ አፍ ነውና እስከ ሰፈሩ ድረስ ሲጠይቃት ሄደ፤ እሷም ሳትሰለች ስትመልስለት ሄደች። በጉሙ መሐል ከሩቅ የሰማቸው ሰው አባትና ልጅ ከገበያ ሲመለሱ ይመስሉት ነበር።

ሰፈር ሲደርሱ ግን ጉድ ፈልቷል። ልጆቹ ከገደሉ ተመልሰው፣ የናኢማን ድንኳን ባዶ አግኝተው፣ ሜዳውን ሞልተው «ናኢማ! ናኢማ!» እያሉ ይጮኻሉ። ስሟን ልብ ብለው ካልሰሙት ሠላሳ ዘጠኝ ልጆች መካከል አሁን የማያውቃት የለም። መምህርት ትርሲት ፊቷ አመድ መስሎ እየሮጠች መጣች።

«ጋሽ ሸዋንዳኝ! እርስዎ! እርስዎን አምኜ!» አለች፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «ገደል የገባች መስሎኝ እኮ ነው! ለእናቷ ምን ብዬ ልደውል ነበር? ሳይናገሩ ተማሪ ይዞ መጥፋት ምን የሚሉት ነው? ከእንግዲህ ከእኛ ጋር ሥራ የለዎትም፣ ይወቁት!»

«እውነትዎን ነው መምህርት» አለ ሸዋንዳኝ። መናገር ነበረበት፣ አልተናገረም፤ ልጅቷ አርባ ልብ አስጨንቃለች።

«የእሳቸው ጥፋት አይደለም» አለች ናኢማ። «እኔ ነኝ። ቤቴ ልሄድ ነበር።»

መምህርቷ ወደ እሷ ዞረች። ይህስ ባሰ። «ልትሄጂ? ሳትነግሪኝ? ይህን ሁሉ የምለፋው ለማን ሆነና ነው? ገመዱን ስሰጥሽ አልፈሽ ሰጠሽ፣ ዝም አልኩ፣ ላስጨንቃት አልፈልግም ብዬ። ምን አጎደልኩብሽ? እኔ...»

ሸዋንዳኝ አንድ እርምጃ ቀረበ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ«መምህርት»ና ከ«እርስዎ» ሌላ ጠርቷት አያውቅም ነበር።

«ልጄ» አላት፤ «ተቆጪ፣ መቆጣት ይገባሻል። እኔንም አባሪኝ። መጀመሪያ ግን ለምን እንደሆነ ጠይቂያት።»

ትርሲት ልትመልስለት ወደ እሱ ዞረች። አየችው፤ ከዚያ ናኢማን አየቻት። የውርጩ እርጥበት ገና ባልደረቀበት ሣር ላይ ቁጭ አለችና የናኢማን ባና በጫፉ ይዛ ወደ አጠገቧ ሳበቻት።

«ለምን?» አለቻት ቀስ ብላ።

ናኢማ ቦርሳዋን አውርዳ ተቀመጠች። ልጆቹም አንድ ሁለት እያሉ ዙሪያቸውን ያዙ፤ ማንም ገመድ አላቀበለም። ሸዋንዳኝ ባዶዎቹን ጀሪካኖች አስተካክሎ አህዮቹን ወደ ምንጩ ነዳ፤ ምሳ ደርሷል፣ የሚጠጣም ጠብታ ውኃ የለም።